በአንድ ይበልጣል

በጡረታ ስሰናበት ጋቢ ተደረበልኝ፤ የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ፤ ኬክም ተቆረሰልኝ። ሰዓት ለጡረተኛ ለምን እንደሚሰጥ እስካሁን አልገባኝም። ዕድሜ ልኬን ደወል ሲያባርረኝ ኖሬ፣ ዛሬ ሰዓቱ ምን ሊሠራልኝ ነው? ለነገሩ እሱን ተዉት። ቅሬታዬ ከሰዓቱ ጋር አይደለም፤ ከርእሰ መምህሩ ንግግር ጋር ነው።

ርእሰ መምህራችን ወጣት ነው፤ ተማሪዬ ነበር። አገሩ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጋፋት በኩል ነው። ደግ ልጅ ነው፤ እግዚአብሔር ያሳድገው። ማይክሮፎኑን ጨበጠና ባዮሎጂ ያስተማርኩበትን ዘመን እየዘረዘረ ሲያሞግሰኝ ቆየ። መጨረሻ ላይ፣ «መምህር ደሴ ሳይንስን ክፍል ውስጥ ቆልፈው አላስቀሩትም» አለ። «እኔ ልጅ ሳለሁ የመንደራችን ሽማግሎች በአንድ ጉዳይ ተቸግረው ቢጠሯቸው፣ የክሮሞዞምን ነገር መሬት ላይ በእንጨት ሥለው ለገበሬው አስረድተዋል! ያውም በቀልድ! ‹ስሙም ይበልጣል፤ እውነትም በአንድ ይበልጣል› ያሉት እስከ ዛሬ ድረስ ይወራል!»

አዳራሹ ሳቀ። ተጨበጨበልኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው። አጠገቤ የተቀመጠችው የሒሳብ መምህርት ጭራሽ፣ «ውይ፣ እንዴት ያለ ትሑት ሰው!» ስትል ሰማኋት። ጋቢው ባይኖር ፊቴን የት እንደማደርገው እንጃ።

እንግዲህ የማወራው ይህንኑ ነው። የሥራ ዘመኔን ከየትም ብጀምረው ዞሮ ዞሮ ጋፋት ካለው ጽድ ሥር ያደርሰኛል።

መጀመሪያ የተመደብኩት ይፋግ ነበር። ደመወዙን አላነሣም፤ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ይፋግ ሞቃት ናት፤ ሽንኩርት እንደ ልብ ነው፤ በገበያ ቀን የሽንኩርት ልጣጭ በነፋስ እየተነሣ ክፍል ድረስ ይገባል። ትምህርት ቤቱ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው። ነበረው ስል፣ በርእሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር ማለቴ ነው። ሰውዬው ከ«ንብረት ነው!» በቀር ሌላ ቃል የላቸውም።

«ጋሼ፣ ተማሪዎቹ ሕዋስ ይዩበት።»

«ንብረት ነው!»

«እኔ ራሴ ይዤው እቆማለሁ።»

«ንብረት ነው አልኩህ እኮ!»

የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ለጉብኝት ሲመጡ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፤ እንግዶቹ ሲሄዱ መልሰው ይቆልፉበታል። እናም ሕዋስ ሲከፈል ሳላይ፣ ሕዋስ እንዴት እንደሚከፈል አስተማርኩ። የመጽሐፉን ክብ ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ፤ ክቡ ውስጥ ክር ክር የመሰሉ ክሮሞዞሞች፤ ቀጥሎ ክሮቹ መሃል ላይ ተሰልፈው፤ ቀጥሎ ወዲያና ወዲህ ተጎትተው፤ በመጨረሻ ሁለት ክብ። ልጆቹ ይገለብጣሉ። እኔ ከመጽሐፍ ገለበጥኩ፣ እነሱ ከእኔ ገለበጡ፤ ያየ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ያኔ ግን አላፈርኩበትም። እንዲያውም ሥዕሉ ያምራል እየተባልኩ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

እዚያ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ሲከፈል አያንስም እንዴ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«አባቴ አራት ጥማድ መሬቱን ለአራት ልጅ አከፋፍሎ፣ ለታላቅ ወንድሜ አንድ ጥማድ ደረሰው። እሱ ደግሞ ለልጆቹ ሲያካፍል ምን ሊተርፍ ነው? ሕዋሱስ እንዲህ ሲከፋፈል፣ ሲከፋፈል አያልቅም?»

እኔስ ምን ብዬ መለስኩላት? «መጽሐፉ አያልቅም ይላል» አልኳት። ልጅቱ ተቀመጠች። እኔም ወደ ክቤ ዞርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወርኩ። አቤት ብርዱ! መጀመሪያ ሰሞን ጠመኔ መያዝ ሁሉ አቅቶኝ ነበር። መምህር ክንዴን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የባዮሎጂ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ካፖርታቸውን ከክረምት እስከ ክረምት የማያወልቁ ሰው። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ሁልጊዜ ወይን ጠጅ ነው፤ ሕዋስ ከሚያቀልሙበት ቀለም ነው። ባለሱቆቹ ይህን እያዩ፣ «መምህር፣ የተማረ ሰው በጣት ይፈርማል እንዴ?» እያሉ ያሾፉባቸዋል። እሳቸውም፣ «ምን ላድርግ፣ ሽንኩርት አስፈረመኝ» ብለው ያልፋሉ።

ላቦራቶሪያቸው የሽንኩርት ቤት ነበር። ቀይ ሽንኩርት ያመጣሉ፤ የደረቀውን አሮጌ ሥር በምላጭ ይፍቃሉ፤ ዙሪያውን ስንጥር ሰክተው ውሃ በሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ ያስቀምጡታል። መቀመጫው ብቻ ውሃውን ይነካል። ይፋግ ቢሆን ወዲያው ሥር ይሰዳል፤ ደብረ ታቦር ግን ሽንኩርቱም እንደ ሰው ይኮማተራል። መምህር ክንዴ ታዲያ ብርጭቆዎቹን ቤታቸው ወስደው ምድጃ አጠገብ ያሳድሩና፣ ጠዋት በካፖርታቸው ኪስ ይዘዋቸው ይመጣሉ። ኪሳቸው ርሶ ስናይ እንስቃለን፤ እሳቸው ግድም የላቸው።

ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጢም ነጭ ሆኖ ሲወጣ ጫፉን ይቆርጣሉ። «ጫፉን ብቻ!» ይሉኛል። «የሚያድገው ጫፉ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እንደ እኔ አርጅቷል።» ያቺን የሩዝ ፍሬ የማታህል ቁራጭ መጀመሪያ አልኮልና አሲድ ውስጥ ይነክሯታል፤ ሕዋሶቹ በሚሠሩት ሥራ ላይ እንዳሉ ቀጥ ይላሉ። ከዚያ ሞቅ ባለ አሲድ ያለሰልሷታል፤ ቀለም ጠብ ያደርጉባታል፤ ስስ መስተዋት ያለብሷትና በአውራ ጣት ይጫኗታል። «ተጫነው እንጂ አትሸው። ካሸኸው ሁሉም ይበጣጠሳል።» የኔ እጅ ስንቱን መስተዋት ሰበረ! አይቆጡም። ስባሪውን ያነሡና፣ «በል፣ ሌላ ሽንኩርት» ይላሉ።

ሕዋስ ሲከፈል መጀመሪያ ያየሁት በሳቸው ማይክሮስኮፕ ነው። መብራት የማያውቅ፣ በታቹ ባለች መስተዋት የፀሐይ ብርሃን የሚለምን ዓይነት ነበር፤ ደመና ሲመጣ እሱም ሥራ ያቆማል። ብዙዎቹ ሕዋሶች ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ቀስ እያልኩ ሳንሸራትት አንዱ ላይ ደረስኩ፤ ወይን ጠጅ ክሮች መሃሉ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ጎረቤቱ ደግሞ ክሮቹን ወደ ሁለት ጫፍ ጎትቶ ጨርሷል፤ አንድ ክር ብቻ ወደኋላ ቀርቶበታል። እንባዬ መጣ ብል ማን ያምነኛል?

«ጋሼ፣ አየሁት!»

«ሣለው» አሉኝ።

ሣልኩ። ወረቀቱን ወሰዱና አንዴ ሥዕሌን፣ አንዴ ማይክሮስኮፑን አዩ። «ይህን የት አየኸው?» አሉኝ። ጠርዙን አሳምሬ፣ ወደኋላ የቀረውን ክር ከጓደኞቹ ጋር አሰልፌ፣ ልክ እንደ መጽሐፉ አድርጌው ነበር። «ያላየኸውን አትሣል» አሉኝ። «የተዛባ ካየህ የተዛባ ሣል።»

ይህ «የት አየኸው?» የሚሉት ነገር ለሥዕል ብቻ አልነበረም። መምህራን ክፍል ውስጥ «እገሌ እኮ ከሚስቱ ጋር ተጣላ» ሲባል፣ ከጥግ ሆነው «የት አየኸው?» ይላሉ። ወሬው እዚያው ይሞታል። ሐሜት ለሚወድ ሰው፣ እንደ እኔ ላለው ማለት ነው፣ አብሯቸው መቀመጥ ጭንቅ ነበር።

የዚያችን የይፋግ ተማሪ ጥያቄ አንድ ቀን ነገርኳቸው። በማግሥቱ ክፍላቸው ውስጥ አስቀመጡኝና ተማሪዎቹን ጠየቁ። «ሁለት ልጆች ዳዊት ሊደግሙ ፈለጉ እንበል። ቤት ያለው ዳዊት ደግሞ አንድ ነው። መሃል ለመሃል ቀደን ለያንዳንዳቸው ግማሽ እንስጣቸው?»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ክፍሉ።

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ይቀዳ!»

«አዎ። መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል ይቀዳል። ከዚያ አንዱ ለአንዱ፣ አንዱ ለሌላው። ሕዋስም ክሮሞዞሙን ለሁለቱ አዳዲስ ሕዋሶች የሚያወርሰው እንዲህ ነው። ተቀድቶ እንጂ ተቀዶ አይደለም።»

ከዚያ ወደ ከባዱ ገቡ። በዘር ሕዋስ ላይ፣ ማለትም በእናት እንቁላልና በአባት ዘር ላይ ነገሩ ይለያል። ሰው አርባ ስድስት ክሮሞዞም አለው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው። የዘር ሕዋስ ሲሠራ ጥንዶቹ ይለያዩና ከየጥንዱ አንድ አንድ ብቻ ይሄዳል፤ ከእናት ሃያ ሦስት፣ ከአባት ሃያ ሦስት፣ ሲገናኙ መልሰው አርባ ስድስት። «አንዳንዴ ግን አንዱ ጥንድ አልለያይ ይላል» አሉ። «አብሮ ይሄዳል። ያን ጊዜ የሚወለደው ልጅ አንድ ክር ይጨምራል። ዳውን ሲንድረም የሚባለውም በብዛት እንዲህ ነው የሚመጣው። ማንም ስላጠፋ አይደለም፤ ሲካፈል የሚያጋጥም ነው።» ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ የማመካኝበት ቀዳዳ የለኝም።

እንግዲህ ጽዱ ዘንድ ደረስኩ።

አያሌው የሚባል የጋፋት ገበሬና ሚስቱ እናኑ ወንድ ልጅ ወለዱ። ስሙን ይበልጣል አሉት። ልጁ ሰውነቱ ልል ሆነ፤ አንገቱ ሳይጠና ቆየ፤ ዓይኑ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው፤ አፉንም ሳይፈታ ዘገየ። ጣራ ገዳም ጠበል ወሰዱት። ኋላም ሐኪም ዘንድ ቢወስዱት ሐኪሙ አየውና፣ «የዘር ነው» አላቸው። ጦሱ የመጣው ከዚች ቃል ነው። ሐኪሙ ክሮሞዞም ማለቱ ነበር። እኛ አገር ግን ዘር ዘር ነው፤ ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጠረው፣ ሲጣሉ የሚሰደበው። የአያሌው እናት፣ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም» አሉ። የእናኑ ወንድሞችም፣ «በእኛስ የት ታየ?» አሉ። ነገሩ ከረረና ሽማግሌ ተቀመጠ። የአያሌው ወገን የሚፈልገው ግልጽ ነበር፤ ነገሩ ከእሷ ዘር ከሆነ ልጇን ይዛ ወደ አባቷ አገር ትሂድ፣ ካልሆነ ትዳሯ ይጽና። ሽማግሎቹ በዚህ ምን ይፍረዱ? ቸገራቸው። ከመንደሩ ልጆች አንዱ ተማሪዬ ነበርና፣ «ዘር የሚያስተምር መምህር አለ» አላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ሰዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ጽድ ሥር ተቀምጠዋል። አባ ሞላ የሚባሉት ዋናው ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሡልኝ። «ይቀመጡ መምህር፣ አንቱ የተማሩ ነዎት» አሉኝ። አባቴን የሚያህሉ ሰው አንቱ ሲሉኝ ልቤ አበጠ። ያኔ ገና ጎረምሳ ነገር ነበርኩ።

«ያው ሰምተዋል» አሉ አባ ሞላ። «ሐኪሙ የዘር ነው ብሏል። ከማን ዘር ነው? ይንገሩንና ነገሩን እንጨርስ።»

ማለት የነበረብኝ አጭር ነበር። አባቶቼ፣ ይህ ዘር አይደለም፣ አከፋፈል ነው፤ በማንም ሊደርስ ይችላል። በቃ፤ ይቺን ብዬ ቁጭ ማለት! እኔ ግን እንጨት አነሣሁ። አፈሩን በጫማዬ ደለደልኩና መሣል ጀመርኩ። አንድ ክብ ለእናት፣ አንድ ክብ ለአባት፣ ውስጣቸው ክሮች። ሰው ተጠጋ፤ ተከበብኩ። እኔም ባሰብኝ። «ይኸውላችሁ፣ ይህ ጥንድ አልለያይ ይልና አብሮ ይሄዳል» አልኩ።

«ከየትኛው ክብ?» አሉ አባ ሞላ።

«ብዙውን ጊዜ ከእናት ነው» አልኩ።

መጽሐፉ እንዲህ ይላል፤ አልዋሸሁም። «ብዙውን ጊዜ» የምትለዋን ግን እዚያ ማንም አልሰማትም፤ እኔም ጮክ ብዬ አላልኳትም። ሁሉም ዝም አለ። ዝምታውን ምን አስፈርቶኝ እንደሁ፣ ወይም ኩራቴ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ቀልድ ጨመርኩበት። አፌን በቆረጠው!

«ስሙንም አውቃችሁ ነው ያወጣችሁለት፤ ይበልጣል! እውነትም በአንድ ይበልጣል።»

ሳቁ። አባ ሞላ ሳይቀሩ በጋቢያቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

እናኑ ከሴቶቹ ጋር ፈንጠር ብላ፣ ልጇን አዝላ ቆማ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልብ ብዬ አላየኋትም። ሳቁ በረድ ሲል ወደ ፊት መጣችና ሥዕሌ ላይ ቆመች።

«መምህር» አለችኝ፣ «እኔ ምን አድርጌ ነው?»

አባ ሞላ እጃቸውን አነሡ። «አንቺ ዝም በይ፤ መምህሩ ተናግረዋል።»

እኔም ዝም አልኩ። ይኸው ዛሬ ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል። «ምንም አላደረግሽም» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ያን ጊዜ ምን እያሰብኩ እንደነበር ልናገር? ሥዕሌን ረገጠችብኝ እያልኩ ነበር።

ሽማግሎቹ እህሉን፣ ከብቱን፣ ዕቃውን ከሁለት ከፈሉት፤ ይህ እንግዲህ ተቀዶ ነው። ልጅ ተቀድቶ ለሁለት አይሰጥም፤ ይበልጣል ለእናቱ ተሰጠ።

ሰኞ ጠዋት ለመምህር ክንዴ እየፎከርኩ ነገርኳቸው፤ ቀልዷንም አልረሳሁም። ሽንኩርት እየፋቁ ነበር፤ ምላጩን አስቀመጡት።

«የልጁን ሕዋስ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«የእናቱንስ?»

«አላየሁም ጋሼ፤ ግን መጽሐፉ...»

«የአባቱንስ?»

«እሱንም አላየሁም።»

«ታዲያ ያን ክብ የት አየኸው?»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «ከአባትም ሊመጣ ይችላል። ከተፀነሰ በኋላም ሊሆን ይችላል» አሉኝ። «የሴት እንቁላል ደግሞ መከፈል የሚጀምረው መቼ እንደሆነ ታውቃለህ? ሴቲቱ ራሷ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው። ይጀምርና ይቆማል፤ ካደገች በኋላ ይቀጥላል። እንግዲህ ሴትን ከከሰስክ አያትየዋንም ክሰስ! ሂድና ንገራቸው። ዛሬውኑ ሂድ።»

እሄዳለሁ አልኩ። አልሄድኩም። ፈተና ደረሰ፤ ክረምት ገባ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያት መቼ ይጠፋል? እውነቱን ልናገር፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አንቱ ባሉኝ ሰዎች ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለት ሞት መሰለኝ። በዚያው ክረምት እናኑ ልጇን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ወደ ይፋግ ወረደች አሉ። አያሌው ሌላ አገባ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የኔዋ ቃልም አፋፉን ተሻግራ ሄደች።

መምህር ክንዴ «ሄድክ?» ብለው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ከዚያ ወዲያ ሥዕሌን ሲያዩም «የት አየኸው?» ማለቱን ተዉት፤ ዝም ብለው ይመልሱልኛል። ዝምታቸው ስንት ዓመት አቃጠለኝ። እሳቸው ካረፉ ቆይቷል። ቦታቸውን ወረስኩ፤ ምላጫቸውንም፤ የኔም አውራ ጣት ወይን ጠጅ ሆነ። ሽንኩርት እያበቀልኩ ስንቱን ተማሪ በዚያች መስተዋት አሳየሁ። ከዚያም ስልክ መጣ። ልጆቹ ቪዲዮ ያሳዩኛል፤ ሕዋሱ በሙዚቃ ታጅቦ እንደ እስክስታ ይከፈላል። «አየነው እኮ መምህር!» ይሉኛል፤ ሽንኩርት መፋቁን ጠልተው ነው። «የት አያችሁት?» ልል አፌ ላይ ይመጣና አልለውም፤ በምን አፌ? ያ አልለያይ የሚለው ጥንድ ዘንድ ስደርስ ደግሞ እቸኩላለሁ። ሁልጊዜ አንድ ልጅ አይጠፋም፣ «መምህር፣ ከማን ነው?» የሚል። «ከማንም!» እላለሁ፤ ልጁ ምን እንዳስቆጣኝ አያውቅም።

ከስንብቱ በኋላ ቤቴ መቀመጥ አቃተኝ። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ያ ሳቅ ይሰማኛል። በይፋግ የገበያ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ ወረድኩ። እናኑ ሽንኩርት እንደምትነግድ ካገሩ ሰው ሰምቼ ነበር።

አላጣኋትም። ጠጉሯ ሸብቷል። አጠገቧ አጠር ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ሳቂታ ጎልማሳ ሽንኩርት ሚዛን ላይ ይጭናል፤ መንገደኛውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ሰላም ይላል። ደንበኛ ሁሉ ለሱ እጁን ይዘረጋል፤ «ይበልጣል፣ መርቀኝ እንጂ!» ይሉታል። እሱም ከተመዘነው በላይ አንድ ያነሣና ይጨምርላቸዋል። የገበያ ወግ ነው፤ ሚዛኑ የገዛኸው ነው፣ ምርቃቱ ከደስታ ነው።

«ስንት ኪሎ ላድርግልዎ?» አለች እናኑ ቀና ሳትል።

«እናኑ፣ እኔ መምህር ደሴ ነኝ።»

እጇ ቆመ። «ድምፅዎን አውቄዋለሁ» አለች።

እዚያው በቁሜ፣ በገበያተኛው መሃል ተናገርኩ። ዘር እንዳልሆነ፣ ከማንም ሊመጣ እንደሚችል፣ እኔ የልጇንም የሷንም ሕዋስ ሳላይ መናገሬን፣ ያ ቀልድ ደግሞ ነውር እንደነበር፣ ምንም ጥፋት እንደሌለባት። የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደኅናው እየለየች ሰማችኝ። ስጨርስ እጇን በመቀነቷ ጠረገች።

«ይኼን ለኔ ምን ይነግሩኛል?» አለችኝ። «እኔ እንዳላጠፋሁ ሳውቅ ነው የኖርኩት። ለነገሯቸው ሰዎች ሂደው ይንገሯቸው።»

ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ልክ በሚዛኑ ሰጠችኝ። መርቀኝ ማለትም አልደፈርኩም።

በሚቀጥለው እሑድ ጋፋት ወጣሁ። አባ ሞላ ሞተዋል፤ ጽዱ አለ። ሰዎቹ ለሰንበቴ ተሰብስበው ጠላ ይጠጣሉ፤ ከድሮዎቹ ሽማግሎች የቀሩት አሉ፤ አያሌውም አለ፣ ጎብጧል። ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩ። እንጨት አላነሣሁም።

ስጨርስ አያ ጥሩነህ፣ ከያኔዎቹ ሽማግሎች አንዱ፣ «ኧረ መምህር! ይህ መቼ የሆነ ነው?» አሉ። «እኛስ ረስተነዋል።»

ሌላው ደግሞ ፊታቸው በራ። «በአንድ ይበልጣል ያሉት ነው እንዴ?» ብለው ለማያውቁት ወጣቶች ካሥር ጀምረው ተረኩላቸው። ሳቁ። እንደገና ሳቁ!

«አያስቅም!» አልኩ። «ሴት ከቤቷ ወጥታበታለች!»

አያሌው ቀና ብሎ አላየኝም። «እግዜር ያመጣው ነው፤ አይጨነቁ መምህር» አለና፣ «ለመምህር ጠላ ቅዱላቸው እንጂ!» ብሎ አዘዘ።

ተቀዳልኝ። አልጠጣሁትም።

በሚቀጥለው ገበያ ተመልሼ ይፋግ ወረድኩ። «ነገርኳቸው» አልኳት እናኑን።

«ምን አሉ?»

ረስተነዋል አሉ፣ ደግመውም ሳቁ ብዬ እንዴት ልንገራት?

«አፈሩ» አልኳት።

እናኑ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀምጣ ፊቴን አየችኝ። «የት አዩት?» አለችኝ።

ውሃ ሆንኩ። መምህር ክንዴ ከመቃብር ተነሥተው የመጡብኝ መሰለኝ።

«ያፈረ ሰው ይመጣል» አለች። «አንቱ መጥተዋል። እነሱ አልመጡም።»

ሁለት ኪሎ አለችኝ እንደገና፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ይበልጣል ሚዛኑን አስተካክሎ ከረጢቴ ውስጥ ገለበጠልኝ። ከፍዬ ልሄድ ፊቴን ሳዞር እናቱ ጠራችው።

«ይበልጣል፣ መርቅላቸው እንጂ።»

ልጁ ከቁልሉ ላይ አገላብጦ መረጠና አንድ ጨመረልኝ።